ባዶ እጃችሁን አማካሪ ቢሮ አትግቡ፦ ለግሎባል ስተዲስ ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

የምዝገባ ሳምንት ነው። ተማሪዋ አማካሪዋ ቢሮ ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ «በሚቀጥለው ሰሚስተር ምን ልውሰድ?» ትላለች። አማካሪው ኮምፒውተሩን ያያል፣ ቦታ ያለው ኮርስ ይፈልጋል፣ ሦስት አራት ስም ይጠራል። ትጽፋለች። አመስግና ትወጣለች። በሩ ላይ ሌሎች አሥር ተማሪዎች ተሰልፈዋል።

ይሄ ምክር አይደለም። የመስኮት አገልግሎት ነው።

ኢንጂነሪንግ ወይም ነርሲንግ ለሚማር ሰው ይሄም ብዙ ላይጎዳው ይችላል። ትምህርት ክፍሉ ከመጀመሪያው ሰሚስተር እስከ መጨረሻው ኮርሱን ደርድሮ ሰጥቶታል። ግሎባል ስተዲስ (ዓለም አቀፍ ጥናት) ግን ሌላ ነው። ፖለቲካ አለበት፣ ኢኮኖሚክስ አለበት፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ቋንቋ አለበት። ታላቅ ወንድሙ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ነው። እሱ የመጀመሪያውን የፕሮፌሰርነት ወንበር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1919 በዌልስ፣ አበሪስትዊዝ ውስጥ ሲሆን በዋናነት መንግሥት ከመንግሥት ጋር የሚያደርገውን ያጠናል። ታናሹ፣ ግሎባል ስተዲስ፣ ደግሞ ድንበር የማያግደውን ሁሉ ጠቅልሎ ይዟል፦ ስደቱን፣ ንግዱን፣ ወረርሽኙን፣ የአየር ንብረቱን፣ ኢንተርኔቱን። ስለዚህ አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ዲግሪ የተቀበሉ ሁለት ተማሪዎች አብረው የተማሩት ኮርስ በጣም ጥቂት ሊሆን ይችላል።

ነፃነቱ ደስ ይላል። ችግሩ አራት ዓመት ሙሉ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀምሶ፣ አንዱንም ሳይጠግቡ መመረቅ ነው። አማካሪ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። እሱ ግን ሊያጠብብላችሁ የሚችለው እናንተ ይዛችሁ የገባችሁትን ብቻ ነው።

መጀመሪያ፦ የትኛውን ጥያቄ ለማን?

ብዙ ተማሪ «አድቫይዘሬ» ሲል አንድ ሰው ብቻ ያስባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሦስት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ሥራው ማማከር ብቻ የሆነ ሠራተኛ ነው፤ ደንቡን፣ የክሬዲት ቆጠራውንና ቀነ ገደቡን በደንብ ያውቃል። ሁለተኛው እናንተን እንዲያማክር የተመደበ መምህር ነው፤ ዘርፉን ያውቃል፣ ማን ምን እንደሚያስተምር፣ የትኛው ኮርስ ስሙ ትልቅ ሆኖ ውስጡ ባዶ እንደሆነ ያውቃል። ደንቡን ግን አንዳንዴ ከእናንተ ባነሰ ሊያውቅ ይችላል። ሦስተኛው ሬጅስትራር ነው። የሚመክረው ነገር የለም፤ የመጨረሻው ቃል ግን የእሱ መዝገብ ነው።

«ይሄ ኮርስ ለምርቃት ይቆጠርልኛል?» ለመጀመሪያው ሰው ነው። «ስለ ውኃ ፖለቲካ መጻፍ ፈልጌ ነበር፣ ከየት ልጀምር?» ለመምህሩ ነው። ጥያቄው ሲምታታ መልሱም ይምታታል። የደንብ ጥያቄ ከሆነ መልሱን በጽሑፍ ያዙ፤ ኢሜይል ይበቃል።

ይሄን ከራሴ ነው የተማርኩት። ተማሪ እያለሁ አንድ የምርምር ዘዴ ኮርስ ለሚቀጥለው ዓመት ላሸጋግር ፈለግኩ። አማካሪዬን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ጠየቅኳቸው። «ችግር የለውም» አሉኝ። እኔም ገላገሉኝ ብዬ ሄድኩ። ለካ ኮርሱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ሰሚስተር ብቻ ነው የሚሰጠው። ያለ እሱ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ መመዝገብ አይቻልም። ምርቃቴ አንድ ዓመት ተገፋ። እሳቸው ማለታቸውን አላስታወሱም፤ የኮሪደር ወሬ ማን ያስታውሳል? ጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነው፤ ጥያቄውን ወረቀት ላይ አላስቀመጥኩትም።

ሁለተኛ፦ ካታሎጉን ቀድማችሁ አንብቡ

ኮርሱና ደንቡ የተዘረዘረበት የዩኒቨርሲቲው ካታሎግ አሰልቺ ነው፣ እሺ። ግን የእናንተን ፕሮግራም የሚመለከተው ክፍል ጥቂት ገጽ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገዛችሁ በገባችሁበት ዓመት የነበረው ደንብ ነው፤ ዘንድሮ ድረ ገጹ ላይ የተለጠፈው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የትኛው ዓመት ካታሎግ እንደሚመለከታችሁ አጣሩ፣ አውርዱና አስቀምጡ።

ስታነቡ አራት ነገር አስምሩ፦ ግዴታ የሆኑ ኮርሶች፣ ከምድብ የሚመረጡ፣ ነፃ ምርጫ የሆኑ፣ እና የቋንቋ ግዴታው። ከዚያ አጠቃላይ ክሬዲቱን እዩ። በአሜሪካ ሥርዓት የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። በአውሮፓው የክሬዲት ሥርዓት፣ በኢሲቲኤስ፣ ደግሞ አንድ ሙሉ ዓመት 60 ነው፤ የሦስት ዓመት ዲግሪ 180፣ የአራት ዓመት 240 ይሆናል። ለልውውጥ ለመውጣት፣ ማለትም ሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ሄዳችሁ ለመማር ካሰባችሁ ይሄ ቁጥር በኋላ ይመጣባችኋል።

ሦስተኛ፦ ሦስት ችካል ትከሉ

የዚህ መመሪያ ልብ ይሄ ነው። ሌላውን እንዝለል ብላችሁ ብትጠይቁኝ እሺ እላለሁ፤ ይሄን ግን አትዝለሉ።

ችካሎቹ ርዕሰ ጉዳይ፣ አካባቢና ቋንቋ ናቸው። አንዳንድ ፕሮግራም ራሱ «ኮንሰንትሬሽን» (የትኩረት ዘርፍ) ብሎ ያስመርጣችኋል፤ ባያስመርጣችሁም ለራሳችሁ ምረጡ። ርዕሰ ጉዳይ ማለት «ግሎባላይዜሽን» አይደለም፤ እሱማ የትምህርት ክፍሉ ስም ነው። ስደት፣ የምግብ ዋስትና፣ የኢንተርኔት ቁጥጥር፣ የወንዞች ፖለቲካ፣ የመድኃኒት ንግድ ዓይነት ነገር ነው። አካባቢ ማለት ያንን ጉዳይ መሬት ላይ የምታዩበት ቦታ ነው። ቋንቋው ደግሞ የዚያን ቦታ ሰዎች ያለ አስተርጓሚ የምትሰሙበት ነው። ሦስቱ መተሳሰር አለባቸው። ጃፓንኛ እየተማሩ ስለ ላቲን አሜሪካ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ሁለቱም ብቻ ብቻቸውን ይቀራሉ።

«እኔ እኮ ምን እንደምፈልግ አላውቅም» የሚል ብዙ ነው። አንዲት ተማሪ እኔ ዘንድ መጥታ የተነጋገርነውን ላሳያችሁ።

«ሰብአዊ መብት እወዳለሁ» አለችኝ።

«የማን መብት?»

«የሁሉም…»

«ባለፈው ወር ስልክሽ ላይ ካየሽው ዜና እስከ መጨረሻው ያነበብሽው የቱን ነው?»

ትንሽ አሰበች። «በጀልባ ባሕር ሲያቋርጡ ስለተያዙት ሰዎች።»

«ከተያዙ በኋላ ምን ሆኑ?»

«እሱን ነው ያላወቅኩት። ፈልጌ ነበር፣ ዜናው እዚያው ቆመ።»

«በቃ፣ እዚያ ጀምሪ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። ርዕሰ ጉዳይዋ ስደትና ጥገኝነት ሆነ፤ አካባቢዋ ሜዲትራኒያን። ቋንቋው ፈረንሳይኛ ወይም ዓረብኛ እንደሚሆን ግልጽ ነው። ኮርሶቹም ራሳቸው መጡ፦ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነትና የ1967ቱን ፕሮቶኮል የሚያስተምር የሕግ ኮርስ፣ ከጂኦግራፊ የሕዝብ እንቅስቃሴ፣ ከታሪክ የሰሜን አፍሪካ የቅኝ ግዛት ዘመን፣ ከዚያ ስታቲስቲክስ። ከእነዚህ ግማሾቹ ግሎባል ስተዲስ ትምህርት ክፍል ውስጥ የሉም። ሕግ ወይም ጂኦግራፊ ጋ ሄዶ «ልቀመጥ?» ብሎ መጠየቅና የአማካሪን ፊርማ ማግኘት ያስፈልጋል።

ችካሉ ሊነቀል ይችላል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሐሳብ መቀየር ምንም አይደለም። ግን የሚነቀል ነገር ይኑራችሁ።

አራተኛ፦ ቋንቋውን አታዘግዩ

እዚህ ጋ ቁጥር እናውራ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለመድረስ ስንት የክፍል ሰዓት እንደሚፈጅበት ለብዙ ዓመታት ሲጠቀስ የኖረ ግምት አውጥቷል። ለፈረንሳይኛና ለስፓኒሽ ከ600 እስከ 750 ሰዓት። ለዓረብኛ፣ ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛ 2,200 ሰዓት። (አማርኛ መሐል ላይ ነው፣ ከሩሲያኛ ጋር፤ 1,100 ሰዓት። ፈረንጅ አማርኛ ሲሰብር ከመሳቃችሁ በፊት አስቡበት።)

አሁን የእናንተን አስሉ። በሳምንት 5 ሰዓት፣ በ15 ሳምንት ሰሚስተር፣ 75 ሰዓት ነው። አራት ሰሚስተር ብትማሩ 300። ለፈረንሳይኛ ወደ ግማሽ መንገድ ደርሳችኋል። ለዓረብኛ ገና አንድ ሰባተኛውን። ስለዚህ ከባድ ቋንቋ የመረጠ ሰው በመጀመሪያው ሰሚስተር መጀመር አለበት፤ የክረምት ኮርስና ቋንቋው የሚነገርበት አገር ሄዶ መማርም በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። ሦስተኛ ዓመት ላይ «ቻይንኛ ልጀምር» ማለት ለደስታ ከሆነ ጥሩ ነው። ለሥራ ከሆነ ግን ዘግይቷል።

አማካሪያችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የምታውቁት ቋንቋ ካለ በፈተና ታልፎ ግዴታው ሊነሳላችሁ ይችላል ወይ? በቤት የለመዳችሁት ቋንቋም ሊቆጠር ይችላል። ሁለተኛ፣ ግዴታው የሚለካው በሰሚስተር ብዛት ነው ወይስ በደረጃ? ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ2 (ከፍተኛ) ያለውን የአውሮፓ የቋንቋ ደረጃ መለኪያ የሚጠቀም ፕሮግራም «ቢ1 ድረስ» ሊላችሁ ይችላል፤ ሰሚስተር ቆጥራችሁ ጨረስኩ ብትሉ ዋጋ የለውም።

አምስተኛ፦ ከስታቲስቲክስ አትሽሹ

ወደዚህ ትምህርት የገባው ብዙ ሰው ሒሳብን ሸሽቶ ነው፤ አውቃለሁ፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። ግን የቀጣሪ ዓይን የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት 17 የዘላቂ ልማት ግቦች በውስጣቸው 169 ዒላማ አላቸው፤ አብዛኛው በቁጥር ይለካል። ሠንጠረዥ ማንበብ የማይችል ሰው እዚያ ስብሰባ ላይ አድማጭ ነው።

ቢያንስ አንድ የቁጥር ዘዴ፣ አንድ ደግሞ የቃለ መጠይቅና የመስክ ዘዴ ኮርስ ውሰዱ። በኮምፒውተር የሚሠራ ካርታ፣ ማለትም ጂአይኤስ ካለ፣ ለስደትና ለአየር ንብረት ተማሪዎች ወርቅ ነው። ሁሉንም ሁለተኛ ዓመት ላይ ጨርሱ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለ ዘዴ ስትቀሩ ምን እንደሚፈጠር ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ስድስተኛ፦ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሣሉ

አንድ ወረቀት አግድም ያዙ። ስምንት ሣጥን ሣሉበት፣ ለየሰሚስተሩ አንድ። (ፕሮግራማችሁ የሦስት ዓመት ከሆነ ስድስት።) አብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው ሣጥን ይጀምራል። እናንተ ከመጨረሻው ጀምሩ።

ስምንተኛው ሣጥን ውስጥ «የመመረቂያ ጽሑፍ» ብላችሁ ጻፉ። ለእሱ ምን መቅደም አለበት? የምርምር ዘዴ። ለእሱስ? ስታቲስቲክስ። ቀስት እየሳላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ቀስቱ ሁለተኛ ዓመት ላይ ካደረሳችሁ፣ የሁለተኛ ዓመት ኮርሳችሁ ተወሰነ ማለት ነው። ከዚያ ከእያንዳንዱ ኮርስ ጎን በየትኛው ሰሚስተር እንደሚሰጥ በትንሹ ጻፉ። በየሁለት ዓመቱ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ አለ፤ እሱን በቀይ ክበቡት። ቋንቋውን ደግሞ ከአንድ እስከ መጨረሻ በአንድ መስመር አስኪዱት። ሁለት ሣጥን ላይ የጥያቄ ምልክት ተዉ፤ ያላሰባችሁት ጥሩ ኮርስ ይመጣል።

ለልውውጥ የምትወጡ ከሆነ ያንን ሰሚስተር ባዶ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ነው። እዚያ ላይ ግዴታ የሆነና በዓመት አንዴ የሚሰጥ ኮርስ አለመውደቁን አጣሩ። ሌላው ወጥመድ የክሬዲት ዝውውር ነው። የአውሮፓው 2 ክሬዲት ብዙ ጊዜ በአሜሪካው 1 ይታሰባል፤ ግን የእናንተ ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደሚቆጥር ጠይቁ። ኢራስመስ በሚባለው የአውሮፓ የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ከጉዞው በፊት የሚፈርሙት የትምህርት ስምምነት አለ። በሌላ ፕሮግራም ብትሄዱም ያንን የመሰለ ወረቀት ከመውጣታችሁ በፊት አስፈርሙ። ደርሳችሁ ኮርስ ከቀየራችሁ የዚያኑ ሳምንት ለአማካሪያችሁ ጻፉ፣ ሲላበሱንም አያይዙ። ተመልሶ «ይቆጠርልኝ» ማለት ልመና ነው።

ሰባተኛ፦ ቀጠሮው

ከምዝገባ ሳምንት ከሦስትና ከአራት ሳምንት በፊት ሂዱ። ያኔ ሰልፍ የለም፣ አማካሪውም ሰው ነው። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፤ ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሁለተኛ ዓመት የግሎባል ስተዲስ ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ለ20 ደቂቃ ሊያነጋግሩኝ ይችላሉ? ስለ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነው፤ አምስተኛውን ሰሚስተር ውጭ ብማር የምርምር ዘዴ ኮርሴ ይስተጓጎል እንደሆነ፣ እና ከሕግ ትምህርት ክፍል የስደተኞች ሕግን መውሰድ እችል እንደሆነ። የኮርስ ዕቅዴንና ትራንስክሪፕቴን አያይዣለሁ። አመሰግናለሁ።»

ይሄን ያነበበ አማካሪ ከመግባታችሁ በፊት ግማሹን አስቦ ይጠብቃችኋል። ቢሮ ውስጥ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉት። «ምን ልውሰድ?» አትበሉ፤ «ይሄን አስቤ ነበር፣ የት ላይ ይሰበራል?» በሉ። አማካሪ ባዶ ወረቀት ከመሙላት የተሳሳተ ወረቀት ማረም ይቀለዋል። አንድ ጥያቄ ደግሞ ሁሌም ጨምሩ፦ «እርስዎ እኔን ቢሆኑ ከዚህ ውስጥ የቱን ያወጡት ነበር?» አፍ የሚያስከፍት ጥያቄ ነው።

ስትወጡ፣ በዚያው ቀን፣ የተስማማችሁትን በሦስት አራት መስመር ጽፋችሁ ላኩ። «የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ» ብላችሁ ጨርሱ። እኔ ኮሪደር ላይ ያጣሁት ይሄንን ነው።

ነገር ሲበላሽ

ግሬድ ሲወርድ ተማሪ መጀመሪያ የሚሸሸው አማካሪውን ነው። አትሽሹ። ኮርስ ያለ ቅጣት የሚጣልበት ቀን አለ፤ ካለፈ አማካሪውም እጁ ይታሰራል። ከፈተናው በፊት ብትሄዱ አራት አማራጭ ይኖራችኋል፤ ከፈተናው በኋላ አንድ፣ እሱም ማልቀስ ነው። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ኮርስ ከመጣላችሁ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ጠይቁ። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ በኤፍ-1 ቪዛ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሰው በሰሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። አንድ ኮርስ መጣል ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ቪዛውን ግን ይነካል።

ሁለተኛ ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ስለመጨመር ብዙ ይጠየቃል። የእኔ አቋም፦ ከሁለት ግማሽ ሜጀር አንድ ሜጀርና ጠንካራ ማይነር (ንዑስ ዘርፍ) ይሻላል። ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ ወይም የሕዝብ ጤና ማይነር ከግሎባል ስተዲስ ጋር በደንብ ይሄዳል። ፖለቲካል ሳይንስ መጨመር ግን ኮርሶቹ ስለሚደራረቡ ብዙም አዲስ ነገር አይሰጣችሁም።

«ተመርቀህ ምን ልትሠራ ነው?»

ይሄን ጥያቄ ከቤተሰብ በፊት አማካሪያችሁ ቢጠይቃችሁ ይሻላል። ካልጠየቀ እናንተ አንሱት፣ ያውም ሁለተኛ ዓመት ላይ። ሁሉም ተማሪ «ዩኤን» ይላል፤ እንግዲህ በሩን እንየው። የድርጅቱ የወጣት ባለሙያዎች ፕሮግራም ከ32 ዓመት በላይ የሆነን አይቀበልም፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይፈልጋል፣ በዚያ ዓመት ከሚሳተፉት አገሮች የአንዱ ዜጋ መሆንን ይጠይቃል፣ ፈተናም አለው። የዩኤን ጽሕፈት ቤት ኢንተርን (የሥራ ልምምድ ተማሪ) ሲቀበል ደመወዝ አይከፍልም፤ ስለዚህ የኪራዩና የቀለቡ ነገር ቀድሞ ይታሰብበት። ከስድስቱ የድርጅቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች፣ ማለትም ከዓረብኛ፣ ከቻይንኛ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከፈረንሳይኛ፣ ከሩሲያኛና ከስፓኒሽ፣ ሁለቱን የሚያውቅ ሰው የተሻለ ዕድል አለው። ቋንቋውን አታዘግዩ ያልኩት ለዚህም ነው። ከዩኤን ውጭ ደግሞ የእርዳታ ድርጅት፣ የጉምሩክና የሎጂስቲክስ ድርጅት፣ የምርምር ተቋም፣ ጋዜጠኝነት፣ የትርጉም ሥራ አለ። አማካሪያችሁን «ያለፉት ምሩቃን የት ገቡ?» በሉት። ሁለት ስም ቢሰጣችሁ ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጣል።

የድጋፍ ደብዳቤ ስትፈልጉ መምህሩን ከቀነ ገደቡ ቢያንስ ሦስት ሳምንት በፊት ጠይቁ። ማመልከቻችሁን፣ ሲቪያችሁንና ለእሱ ኮርስ የጻፋችሁትን ምርጥ ወረቀት ያዙ። «ጥሩ ተማሪ ነበረች» የሚል ደብዳቤ የሚጽፈው የሚያስታውሰው ነገር ያጣ መምህር ነው።

አማካሪው ካልሆነስ?

ኢሜይል የማይመልስ፣ ቀጠሮ የሚረሳ፣ ወይም ጉዳያችሁ የማይገባው አማካሪ ያጋጥማል። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ሞክሩ፣ በመሐል አንድ ሳምንት ስጡ። ካልሆነ መቀየር ይቻላል፤ በብዙ ትምህርት ክፍል ቀላል ፎርም ነው፣ ጸሐፊዋ ጋ ጠይቁ። ምክንያት ስትጽፉ ሰውየውን አታማርሩ፤ «የጥናት ትኩረቴ ከእገሌ ኮርስ ጋር ስለሚቀራረብ» ማለት ይበቃል። ከመጻፋችሁ በፊት ግን አዲሱን መምህር ቢሮ ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ሳይጠየቅ የተመደበበትን ተማሪ ማንም አይወድም። ስትገቡም ያቺን ስምንት ሣጥን ያለባትን ወረቀት ይዛችሁ ግቡ።